የሚፈርድና የሚፈታ አባት

ክርስቲያን በአቡነ ዘበሰማያት ጸሎት እግዚአብሔርን አባት ብሎ ይጠራል። ነገር ግን «አባት» የሚለው ስም በየሕዝቡ ቤት አንድ ዐይነት ግምት የለውም። በቀድሞው የአማራ ባላገር ቤት አባት ተከባሪና ተፈሪ ነው፤ ልጅ በፊቱ ቆሞ ያስተናግዳል፣ ሳይጠየቅም አይናገርም። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር ይቅር ባይነት ከአባት ስም ጋር እንዴት ሊዛመድ ቻለ?

የዚህ ነገር አንዱ መልስ የሚገኘው ከነፍስ አባት ሥርዐት ነው። መሠረቱ በ3ኛው ምዕት ዓመት በሶርያ የተጻፈው ዲድስቅልያ ኤጲስ ቆጶሱን የምእመናን አባት ያደርገዋል፤ ንስሐ የሚገባውንም ሰው በርኅራኄ እንዲቀበል ያዝዘዋል። መጽሐፉ ወደ ግእዝ ከተመለሱት የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት መጻሕፍት አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ይህ አባትነት በቄሱ በኩል ወደ እያንዳንዱ ቤት ገብቷል። የነፍስ አባት የነፍስ ልጁን ኀጢአት ይሰማል፤ ጾም፣ ስግደትና ምጽዋት ቀኖና አድርጎ ይሰጣል፤ በመጨረሻም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላል።

ይህ ቃል ሊታሰብበት ይገባል። በግእዝ «ፈትሐ» ማለት ፈረደ ማለት ነው፤ የታሰረውን ፈታ ማለትም ነው። ስለዚህ የነገሥታት ሕግ «ፍትሐ ነገሥት»፣ ለሙት የሚደረገው የኀጢአት ሥርየት ጸሎት ደግሞ «ፍትሐት» ይባላል። አባቱ ፍርዱን ትቶ የሚምር አይደለም፤ ፈርዶ የሚፈታ ነው እንጂ።

ሁለተኛው መልስ ከእናት ወገን ይመጣል። ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የማርያምን በዓላት አጽንቷል፤ ተአምረ ማርያምም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አድርጓል። የካቲት 16 ቀን በሚከበረው በኪዳነ ምሕረት በዓል የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይተረካል። 78 ነፍስ የበላው ይህ ሰው ለተጠማ ለምጻም በማርያም ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በሚዛን ጊዜም የእመቤታችን ጥላ ውሃውን አከበደለት ይባላል። ልጅ ሲያጠፋ እናት በአባት ፊት ትለምናለችና ሰሚው ነገሩን ከቤቱ ያውቀዋል። ሆኖም ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ በታሪኩ እናቲቱ የምትለምነው ልጅዋን እንጂ እንደ ቤት እመቤት ባልዋን አይደለምና።

የዚህ ዝምድና ክብደት በሞት ጊዜ ይታያል። ሰው ሲሞት የነፍስ አባቱ ማን እንደ ነበረ ይጠየቃል፤ የሚመሰክርለት የሌለው ቤተ ሰብ በቀብሩ ይቸገራል። ስለዚህ ለባላገሩ ይቅርታ በሩቅ ሰማይ ያለ ተስፋ ብቻ አልነበረም፤ በስሙ የሚጠራው፣ ቤቱን የሚያውቅ፣ በመቃብሩም አፋፍ የሚቆምለት አባት ነበረ። የሰማዩን አባት መሓሪነት የተማረው በዚህ ሰው በኩል ነው።