ውኃ ያገደው ክንፍ

እ.ኤ.አ. በ1914 የፓናማ ቦይ ለመርከቦች ሲከፈት፣ ዓለም የተደነቀው ሁለት ውቅያኖሶች በመገናኘታቸው ነበር። በዚያው ሥራ ሳቢያ ስለ ተለያየው ግን ያሰበ እምብዛም አልነበረም። የቻግሬስ ወንዝ በጋቱን ግድብ ታግዶ ሐይቅ በሆነ ጊዜ ሸለቆው በውኃ ተዋጠ፤ ባሮ ኮሎራዶ የተባለው በደን የተሸፈነ ኮረብታም 15 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ደሴት ሆኖ ቀረ።

ደሴቱ እ.ኤ.አ. በ1923 ለተፈጥሮ ጥናት ተከለለ፤ ከ1946 ጀምሮም በስሚዝሶኒያን ተቋም ይተዳደራል። ደኑ እንዳይመነጠር በመጠበቁ፣ በውስጡ የሚኖረው ሁሉ ከጥፋት የዳነ መስሎ ነበር።

ከነዋሪዎቹ አንዷ በሳይንስ ስሟ ፌኖስቲክተስ የምትባል፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ በዓይኗ ዙሪያ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ የሚታይባት ወፍ ነበረች። ይህች ወፍ የገብረ ጉንዳንን ሠራዊት ተከትላ ትኖራለች። ምግቧ ግን ጉንዳኑ አይደለም፤ ሠራዊቱ በደኑ ወለል ላይ ሲዘምት ነፍሳቸውን ለማዳን ከቅጠል ሥር የሚወጡትን በረሮዎች፣ ፌንጣዎችና ሸረሪቶች ትለቅማለች። ጉንዳኑ ለሦስት ሳምንታት ያህል ባንድ ሥፍራ ሰፍሮ ዘመቻውን ሲቀንስ፣ ሌላ ሠራዊት ፍለጋ መሄድ ግድ ይላታል። ስለዚህም ኑሮዋ ሰፊ ደን ይጠይቃል።

አሜሪካዊው የወፍ ተመራማሪ ኤድዊን ዊሊስ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የእነዚህን ወፎች ኑሮ በደሴቱ ላይ ሲከታተሉ፣ የፌኖስቲክተስ ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ሲመነምን ተመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናትም፣ ደሴቱ እስከ 1970 ድረስ 45 ያህል የወፍ ዝርያዎችን እንዳጣ ገለጹ። ብዙዎቹ ደኑ እየጎለመሰ ሲሄድ ቁጥቋጧቸውን ያጡ ነበሩ፤ የቀሩት ግን መኖሪያቸው ደን እንደ ቆመ የጠፉ የደን ወፎች ናቸው። ፌኖስቲክተስም ውላ አድራ ከደሴቱ ጠፋች።

ክንፍ እያላቸው ከማዶ ሌሎች መጥተው ስለ ምን አልተኳትም? ውኃው በጠባብ ሥፍራዎች ከጥቂት መቶ ሜትሮች አይበልጥም። መልሱን ለማግኘት ተመራማሪዎች የደን ወፎችን በጀልባ ወስደው ከዳርቻው በ100፣ በ200ና በ300 ሜትር ርቀት ላይ ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው፣ አንዳንዶቹ በቀላሉ ሲሻገሩ፣ ሌሎቹ 100 ሜትር እንኳ መዝለቅ ተስኗቸዋል። በደን ጥላ ውስጥ ከግንድ ወደ ግንድ መዝለል የለመደ ክንፍ፣ ገላጣ ውኃ ሲገጥመው እንደ ግንብ ይሆንበታል።

የባሮ ኮሎራዶ ታሪክ ለሙያው ሰው የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። ደንን ከመጥረቢያ መጠበቅ ተገቢ ቢሆንም፣ ብቻውን በቂ አይደለም። ጥብቅ ሥፍራ በሚከለልበት ጊዜ ሁሉ ስፋቱ ለነዋሪዎቹ ይበቃ እንደ ሆነ፣ ከሌላው ደን ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያም ይኖረው እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ይህ ሳይመረመር ከቀረ፣ ዛፉ እንደ ቆመ ወፉ ሊጠፋ ይችላል።