ነገርን ከሥሩ፤ የአንድ እምቢ ያለ ማሻሻያ ታሪክ

ሰሞኑን እዚህ አዳማ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ላፕቶፕ ተሸክመው መጡብን። «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር አርጅቷል መሰለኝ፤ እስቲ አድሱልኝ» አሉን። ኡቡንቱ 22.04 የጫንንላቸው እኛው ስለነበርን ወደ 24.04 ማሳደጉ የአንድ ሲኒ ቡና ሥራ መስሎን ተቀመጥን። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካው ደረሰ፤ ማሻሻያው ግን ንቅንቅ አላለም። ስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት ወደ አማርኛ ሲመለስ «ችግሩን ማስተካከል አልተቻለም፤ ያገዳችኋቸው የተሰበሩ ፓኬጆች አሉ» የሚል ነው። «ያገዳችኋቸው» መባላችን አናደደን። ማን አገደ? እኛ?

ለዚህ መልስ ለመስጠት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ለዓለም ያስተዋወቀው በ1991 ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፕሮግራም መጫን ማለት ኮዱን አምጥቶ፣ ራስ አጠናቅሮ፣ የጎደለውን ሌላ ፕሮግራም ፈልጎ፣ ያም ደግሞ ሌላ ሲጠይቅ ያንንም ማሳደድ ነበር። ኢያን መርዶክ በ1993 ዴቢያንን ሲጀምር አንዱ ሐሳብ ይህን ውጣ ውረድ ማቅለል ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ታሽጎ «እኔ ለመሥራት እነ እገሌ ያስፈልጉኛል» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። ሬድ ሃትም በ1995 በራሱ መንገድ ያንኑ አደረገ። ወረቀቱ ግን የጎደለውን ይነግራል እንጂ አያመጣም። ያንን ሥራ የተረከበው አፕት የሚባለው መሣሪያ ሲሆን፣ በመጋቢት 1999 በወጣው ዴቢያን 2.1 ውስጥ ገባ። በ2004 የመጣው ኡቡንቱም የወረሰው ይህንኑ ነው።

አፕት ደግ ነው፤ ግን ጠንቃቃ ነው። አንዱን ለማሳደግ ሌላውን ማፍረስ ግድ ሲሆንበት፣ ባለቤቱ «ይህን አትንካ» ካለው፣ ቆም ይላል። መቆሙን እንደ ብልሽት የሚያዩት ብዙዎች ናቸው። እኛም እንዲሁ አየነው።

የአዳማ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ከጅቡቲ ተነስቶ በከተማችን አልፎ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ ክንድ አይሞላም። ነገር ግን የአሮጌው ሐዲድ ሎኮሞቲቭ በአዲሱ ላይ አይሄድም፤ ፉርጎውም አይሄድም። ስለዚህ አሮጌውን «ማሻሻል» የሚባል ነገር አልነበረም፤ አጠገቡ ሌላ ሐዲድ፣ ሌላ ጣቢያ፣ ሌላ ባቡር ነው የተሠራው። ጥገኝነት ማለት ይኼ ነው፤ አንዱን ብሎን ስትነካ ሀገሩ ሁሉ ይነቃነቃል።

አንዳንዴ ደግሞ ሽግግሩ ሲያምር ከተማችንን ይመስላል። ለረጅም ዘመን ናዝሬት ተብላ የኖረችው ከተማ በ2000 አዳማ የሚለውን ስሟን መልሳለች፤ ያም ሆኖ ዛሬም «ናዝሬት» ብሎ የጠየቀ ተሳፋሪ አይጠፋም፤ አዳማ ይደርሳል። የዴቢያን ሰዎችም የፓኬጅ ስም ሲቀይሩ በአሮጌው ስም ባዶ ፓኬጅ ያስቀምጣሉ፤ አሮጌውን የጠራ ሁሉ አዲሱን ያገኛል። አሮጌውን ስም የሚጠራውን ሰው መንገድ ላይ አይጥሉትም።

ወደ እድሩ እንመለስ። የታገዱትን ዝርዝር እንዲያሳየን አፕትን ጠየቅነው። ሁለት ስም መጣ፦ ፓይተን 2 እና አንድ ወዳጃችን የሠራት ትንሽ የፊደል መቀየሪያ። ያገድናቸውም በእርግጥ እኛው ነን፤ ላፕቶፑን የጫንን ዕለት አግደን ረስተነዋል።

ለምን አገድን? እዚህ ላይ ሌላ ታሪክ ይመጣል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ በኮምፒውተር የተጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነበር። ባለውለታዎቻችን ናቸው። አሠራራቸው ግን የላቲን ፊደላትን ቦታ ተከራይቶ የመኖር ያህል ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል መሆኑን ነው፣ «ሀ» መስሎ የሚታየው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ደብዳቤው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ትርምስ ይሆናል። እዚሁ ከተማ በቁቤ የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ የትም ሲከፈት፣ ጎኑ ያለው የአማርኛው ትርምስ ሆኖ ይወጣ ነበር።

የእድሩ የሃያ ዓመት መዝገብ፣ ማን ስንት እንደከፈለ፣ ማን መቼ እንደተቀበረ፣ ለማን ቤት ድንኳን እንደወጣ፣ በዚያ አሮጌ ፎንት ነው የተጻፈው። ወደ ዩኒኮድ የምትቀይረው ትንሿ ፕሮግራም ደግሞ በፓይተን 2 ተጻፈች። ፓይተን 3 በ2008 ቢመጣም ሁለተኛው እስከ ጥር 1 ቀን 2020 ድረስ ድጋፍ ነበረው፤ ኡቡንቱ 22.04 ውስጥም ይገኛል፤ 24.04 ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ አፕት የቆመው ሰንፎ አይደለም። እኛ የረሳነውን እሱ አልረሳም።

ከመካከላችን አንዷ «በጉልበት እናስወግደው» አለች። ይቻላል፤ አንድ ትእዛዝ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያንን ብናደርግ መልቀም እንኳ ላይሆንልን ነበር። ስለዚህ ተራውን ገለበጥነው። መጀመሪያ መዝገቡን በሁለት ፍላሽ ገለበጥን። ቀጥሎ ፋይሎቹን በሙሉ ወደ ዩኒኮድ ቀየርን። ከዚያ ጸሐፊውን አስቀምጠን ገጽ በገጽ አስነበብናቸው፤ «ኅ» እና «ሕ» የተምታቱባቸውን ስሞች እርሳቸው ናቸው ያረሙት። አንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። የባለቤታቸው ቀብር የተመዘገበበት ነበር። «ደኅና ነው፤ ይነበባል» አሉና አለፉ።

እገዳውን ያነሳነው ከዚያ በኋላ ነው። ፓይተን 2 ወጣ፣ መቀየሪያዋም ወጣች፣ ማሻሻያው ያለ አንዳች ኩርፊያ አለቀ።

አንባብያን፣ የእናንተም ማሻሻያ እምቢ ካለ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ታግዷል? ማን አገደው? የማንን ነገር ለመጠበቅ? አንዳንዴ መልሱ ቀላል ነው፤ ኡቡንቱ ማሻሻያን ለሁሉም በአንድ ቀን ስለማይለቅ ተራችሁ አልደረሰ ይሆናል። አንዳንዴ ግን ከእገዳው ጀርባ የአንድ ሰፈር ትዝታ ይኖራል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አባቶች። በአዲሱ መዝገብ ላይ እኛ የጨመርነው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ የታገደው ምን እንደነበር፣ ለምን እንደታገደና መቼ እንደተነሳ።

ቸር እንሰንብት።