ጋፋትኛና የተረፈው መዝገቡ

ከምዕራብ ሸዋዋ ጎጆ ወደ ሰሜን ሲዘልቁ የዓባይ ሸለቆ ይገኛል። ከዚህ ሸለቆ በስተደቡብ፣ የራሱ ሴማዊ ቋንቋ የነበረው የጋፋት ሕዝብ ይኖር ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት ብዙው ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ሰፈረ፤ ቀስ በቀስም ቋንቋውን በአማርኛ ተካ።

ስለ ጋፋትኛ የምናውቀው በአብዛኛው በሦስት ሰዎች ጥረት ነው። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተረጎመ። ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቃላት ለቀመ። ቮልፍ ሌስላው በ1947 (እ.ኤ.አ.) ያገኛቸው ተናጋሪዎች አራት ብቻ ነበሩ፤ ሰፊ ጥናቱም በ1956 (እ.ኤ.አ.) ታተመ።

ይሁን እንጂ መዝገብ የሚይዘው ጠያቂው የጠየቀውን ያህል ነው። የተተረጎመ ቅዱስ መጽሐፍ የገበያ ክርክርን፣ የቃላት ዝርዝርም የእናትን እሹሩሩ አያሰማም። ያም ሆኖ የጋፋትኛን ሴማዊነት ያወቅነው ከዚሁ ነው። በጣና ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ የቀድሞ ቋንቋ ግን ዝምድናውን ለመለየት የሚያበቃ መረጃ እንኳ ሳይተው ጠፍቷል።

ስለዚህ ለመስክ ጥናት የሚወጣ ተማሪ ከነጠላ ቃል አስቀድሞ ጨዋታን ይቅዳ። ቃል ከጨዋታ ይገኛል፤ ጨዋታ ግን ከቃላት ዝርዝር አይገኝም።