ወጥ ቤት የነበረው እርድ መድኃኒት ቤት ሲገባ

በቆጂ ገበያ ወርዳችሁ እርድ ብትጠይቁ ሳታገኙ አትመለሱም። ይሄ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን እስቲ አስቡት። በቆጂ ከአሰላ ወደ ደቡብ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ብርዷ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ የገብስና የስንዴ አገር ናት። እርድ ደግሞ ሙቀትና ዝናብ ካላገኘ የማይሆንለት የቆላ ተክል ነው። ታዲያ ይህች ቢጫ ዱቄት ያንን ሁሉ ዳገት ወጥታ አልጫው ውስጥ የገባችው እንዴት ነው? ደግሞስ እስከ ትናንት የወጥ ማጣፈጫ የነበረች ነገር ዛሬ "ለጨጓራ ነው፣ ለመገጣጠሚያ ነው፣ ለካንሰር ነው" መባሏ ከየት የመጣ ወሬ ነው?

(እርድ ሲባል በሬው ትዝ ያላችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ የዛሬው ወሬያችን የጾም ነው።)

ከስሟ እንነሳ። በጥንቱ ሳንስክሪት "ሃሪድራ" ትባላለች፤ በሂንዲ "ሃልዲ"፤ የመኖች "ሁርድ" ይሏታል፤ እኛ "እርድ"፣ የአርሲ ሰው ደግሞ በኦሮምኛ "እርዲ"። ስሞቹን ደርድራችሁ ስታዩአቸው ከሕንድ ተነስታ፣ የመን አርፋ፣ ባሕር ተሻግራ የመጣች እንግዳ ትመስላለች። ነጋዴ ዕቃውን ሲያራግፍ ስሙንም አብሮ ያራግፋል መቼም።

ዛሬ ግን እንግድነቷ ቀርቷል። የአገራችን እርድ በብዛት የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ፣ ከነቴፒና ከየኪ አካባቢ ነው። ቴፒ ላይ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከልም አለ። እርድ የዝንጅብል የሥጋ ዘመድ ናት፤ የምትተከለው በዘር ሳይሆን ሥሯ እየተቆረጠ ነው። ስምንት፣ ዘጠኝ ወር መሬት ውስጥ ትቆይና ትቆፈራለች፤ ትቀቀላለች፤ ከዚያ እንደ እንጨት እስክትደርቅ ድረስ ፀሐይ ላይ ትሰጣለች። ቀጥሎ የጭነት መኪና፣ መርካቶ፣ አሰላ፣ በቆጂ። በቆጂ በፈንታዋ ገብሷን ወደ አሰላው ብቅል ፋብሪካ ትልካለች። የቴፒው ገበሬ የበቆጂዋን ባለቤት አያውቃት፣ እሷም አታውቀው፤ ግን ማሰሮዋ ውስጥ ልፋቱ አለ።

አርሲ ደግሞ የቅቤ አገር ነው፤ ቅቤ ሲነጠር ደግሞ እርድ አትቀርም። ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ አብሹ ገብቶ ከላይ እርድ ቆንጠር ተደርጎ ይጨመራል፤ ያ ወርቅ የመሰለ መልክ ከሷ ነው። ከዚያ ክክ አልጫው አለ፣ ድንች በጥቅል ጎመኑ አለ፣ የበግ አልጫው አለ። ልኩን የማያውቅ ሙያተኛ ግን አያድርስ ነው፤ እርድ የበዛበት አልጫ ይመራል፣ አፈር አፈር ይላል። ነጠላ ላይ ከፈሰሰማ ሌላ ጉድ ነው። በሳሙና ልጠብ ስትሉ ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጥባችኋል። ቤት ውስጥ "ምን ጉድ ነው!" ያሰኘው ይሄ ነገር ኬሚስቶችን ጠቅሟል፤ እርድ የተነከረ ወረቀት እንደ ሳሙና ያሉ ነገሮችን መለያ ሆኖ ላቦራቶሪ ገብቶ ነበር። ነጠላውን ግን አትዘኑበት፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የእርድ ቀለም እየሳሳ ይሄዳል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ መድኃኒት ያነሳ ሰው የለም። ወሬው የመጣው በሌላ በር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1815 ፎገልና ፔልቲየ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከእርድ ውስጥ ቢጫውን ነገር ለይተው አወጡ፤ ኩርኩሚን ተባለ። ከዚያ ወዲህ ኩርኩሚን ያልተሞከረበት በሽታ የለም ማለት ይቻላል። በ1995 ደግሞ ጉድ መጣ። አሜሪካ ውስጥ የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል "የእርድ ዱቄት ቁስል ያድናል" ብሎ የባለቤትነት መብት አገኘ። ሕንዶች ሰሙ። ቁስል ላይ እርድ ነስንሶ ያላደገ ሕንዳዊ የት ይገኛል! የሕንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት 32 ማስረጃ ይዞ ተከራከረ፤ የሳንስክሪት ጥንታዊ ጽሑፍም፣ በ1953 በሕንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጽሑፍም ነበረበት። በ1997 መብቱ ተሻረ።

ይሄ ወሬ ለኛ ሩቅ አይደለም። ጤፋችንም ሆላንድ ውስጥ ባለቤት ወጥቶለት፣ የሄግ ፍርድ ቤት ያንን መብት ዋጋ ያሳጣው በ2018 መጨረሻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሕንዶቹ 32 ወረቀት ነው። የኛ ሰው በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላል። ቅቤ በእርድ ማንጠርን ማን ጻፈው? አርሲ ላይ እናት ለልጇ በአፍ የነገረችው ነው። ነገ አንዱ ብልጥ "የኢትዮጵያ ቅመም ቅቤ የፈጠራ ሥራዬ ነው" ብሎ ቢነሳ፣ ይዘን የምንቀርበው ወረቀት ቢቸግረን አይገርመኝም።

ወደ ጨጓራው እንመለስ፤ የብዙ ሰው ጥያቄ እሱ ነውና። እኛ ዘንድ ጨጓራውን ያመመው ሰው የመጀመሪያ ትእዛዙ "በርበሬ ተው፣ አልጫ ብላ" ነው። አልጫ ማለት ደግሞ እርድ ማለት ነው። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2023 ታይላንድ ውስጥ የተደረገ ጥናት ታተመ፤ ሆዳቸው አልፈጭ የሚላቸው 206 ሰዎች ተመደቡ፤ ከፊሉ ኩርኩሚን፣ ከፊሉ ኦሜፕራዞል፣ ከፊሉ ሁለቱንም ወሰዱ። ኩርኩሚኑ ከኦሜፕራዞሉ አላነሰም። ብራቮ! ግን ቆይ፤ አንደኛ፣ ባዶ እንክብል የተሰጠው ቡድን አልነበረም። ሁለተኛ፣ በቀን የሚወስዱት ኩርኩሚን 2 ግራም ነበር። የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ደግሞ ከመቶው ሦስት እጅ ገደማ ነው። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ 2 ግራም ለማግኘት በቀን 65 ግራም እርድ ይጠይቃል፤ ከ20 የሻይ ማንኪያ በላይ! ያንን አልጫ ማን ይበላዋል?

በዚያ ላይ ኩርኩሚን አንጀት ውስጥ ገብቶ ወደ ደም ለማለፍ ሰነፍ ነው። ውኃ አያሟሟውም፤ ቅባት ይወዳል። በ1998 የወጣ የሕንዶች ጥናት በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ካለው ፒፐሪን ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን 20 እጥፍ እንደሚያድግ አሳይቷል። እናቶቻችን እርድን ከቅቤ ጋር ያጋቡት ይህን አውቀው ነው ብዬ ልዋሽ አልፈልግም፤ ለጣዕሙ ነው ያደረጉት። በ2017 የአሜሪካ ኬሚስቶች ከ120 በላይ የሚሆኑ የኩርኩሚን ሙከራዎችን ገምግመው፣ በጥብቅ ቁጥጥር ተደርጎ ፈውስነቱን ያስመሰከረ አንድም እንዳላገኙ ጻፉ። በሽታ ይፈውሳል ተብሎ የሚወራው ሁሉ በዚህ ወንፊት ይለፍ።

ወሬው ግን አልቆመም። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ እርድ በወተት ተፈልቶ በካፌ ይሸጣል፤ ሯጩ ለጡንቻ ሕመም ይለዋል። የደራርቱን፣ የቀነኒሳንና የጥሩነሽን አገር ምሥጢር ፍለጋ ስንቱ ካሜራ ተሸክሞ በቆጂ ወጥቷል፤ ወተቱም ተነገረ፣ ገብሱም ተነገረ፣ ከፍታውም ተነገረ። እርድ ስትጨመር ለማየት ብዙ አይቀረንም።

አሁን አሁን ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ የሚልከው የእርድ እንክብል አለ። "ተፈጥሮ ነው፣ ምንም አያደርግም" እየተባለ። በ2022 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ከእርድ እንክብል ጋር በተያያዘ ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን መዝግቧል፤ አምስቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ አንዱ ሞቷል። አንዳንዱ እንክብል እንዲያውም ፒፐሪኑም ተጨምሮበት ነበር። ወጥ ውስጥ የምትገባውን ቁንጥር ማንም አልከሰሳትም፤ ተጨምቆ፣ ተከማችቶ ሲዋጥ ነው ጣጣው። በተለይ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ሐሞት ጠጠር ያለባችሁ፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ እንዳትሞክሩት።

ለኔ ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ገበያው ላይ ያለው ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ በ1980ዎቹ ጎርፍ ያበሰበሰው እርድ መልኩ ደብዘዝ አለ። ነጋዴው ምን አደረገ? ለዕቃ ቅብ የሚውል ሊድ ክሮሜት የተባለ ቢጫ ቀለም ቀባው። ውስጡ እርሳስ አለበት፤ ደብተር ላይ የምንጽፍበት እርሳስ ሳይሆን ብረቱ። የሕፃን አእምሮ ላይ የሚሠራውን ሐኪሞች ያውቁታል። ልማዱ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ። በ2019 ተመራማሪዎች ነገሩን ሲያወጡት ከተመረመረው የገበያ እርድ 47 በመቶው ቀለሙ ነበረበት። መንግሥት ዘመቻ ከፈተ፤ ጅምላ ሻጮች በገበያ መሐል ሲቀጡ በቴሌቪዥን ታዩ፤ በ2021 የተመረመረው ላይ ዜሮ ሆነ።

እኛም በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ሲባል የሰማን ሰዎች ነን። ባዕድ ነገር የቀላቀለን የሚቀጣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለን። ግን በትንሽ ፌስታል የታሰረች ዱቄት ውስጥ እርሳስ መኖሩን ዓይን አያየውም፤ በሳሙና መቅላቷም ማስረጃ አይሆንም፤ እርዱ ይቀላል፣ እርሳሱም እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ ያልተፈጨውን ሥር መግዛት ይሻላል። እሱም ቢሆን ተመርጦ፤ ባንግላዴሾቹ ቀለሙን የቀቡት ሥሩን ነበርና፣ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ካያችሁ እለፉት። በወጉ የደረቀ እርድ ላዩ ቡናማ፣ አቧራ የጠገበ፣ ለዓይን የማይማርክ ነው። ሰበር ስታደርጉት ነው ቢጫው የሚወጣው። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቤት ውስጥ ሙቀጫ ካለ ውቀጡት፤ ከሌለም ወፍጮ ቤት ውሰዱትና እስኪፈጭ ድረስ እዚያው ቁሙ።