የከባድ ጭነት መኪና የነዳጅ ቁጠባ

የከባድ ጭነት መኪና የነዳጅ ቁጠባ ማለት ረጅም መንገድ የሚጓዝ ባለ ተሳቢ መኪና ያንኑ ጭነት በአነስተኛ ናፍጣ እንዲያደርስ የሚያስችል አሠራር ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያለ መኪና በአማካይ በአንድ ጋሎን ከ6 እስከ 7 ማይል ይጓዛል፤ ይህም በ100 ኪሎ ሜትር ከ34 እስከ 39 ሊትር ገደማ ማለት ነው።

ኃይሉ የሚውልበት

ናፍጣ ሲቃጠል ከሚገኘው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው በሙቀትና በጭስ ይባክናል። ከቀሪው አብዛኛው የአየርን ሰበቃ፣ የጎማን ሰበቃና ዳገትን ለማሸነፍ ይውላል።

ፍጥነት

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየር ሰበቃ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ105 ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት የቀነሰ ሹፌር የአየሩን ሰበቃ ከሩብ በላይ ያቃልላል፤ በየ100 ኪሎ ሜትሩ የሚዘገየው ግን 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አርቆ እያዩ ነዳጅ መስጫውን ቀድሞ መልቀቅም ይረዳል፤ በፍሬን የሚጠፋው ፍጥነት በናፍጣ የተገዛ ነውና።

ቅርጽና ጎማ

በካቢኑ ጣሪያ ላይ የሚገጠም የነፋስ መከላከያ፣ በተሳቢው ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ የሚታሰር ሽፋን፣ እንዲሁም በካቢኑና በተሳቢው መካከል ያለውን ክፍተት ማጥበብ የአየርን ሰበቃ ይቀንሳሉ። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ይበልጥ ስለሚተጣጠፍ ይግላል፣ ነዳጅ ያባክናል፣ ቶሎም ያልቃል። ስለዚህ የጎማ ንፋስ የሚለካው ከጉዞ በፊት፣ ጎማው ሳይግል ነው።

ቆሞ ሞተር ማስነሳት

የቆመ መኪና ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ያህል ያቃጥላል። በአሜሪካ ሕግ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር 10 ሰዓት ማረፍ ስላለበት፣ ካቢኑን ለማሞቅ ወይም ለማቀዝቀዝ ሞተሩን ካላጠፋ በአንድ ዕረፍት 30 ሊትር ያህል ይሄዳል። ለዚህም በባትሪ ወይም በትንሽ ረዳት ሞተር የሚሠራ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ይገጠማል።

የጅቡቲ መስመር

ከጅቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ጭነቱን ጨምሮ 40 ቶን የሚመዝን ከሆነ፣ ለከፍታው ብቻ 60 ሊትር ያህል ናፍጣ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ተገቢውን ማርሽ መምረጥና ከተፈቀደው በላይ አለመጫን ዋና ነገር ነው። ከወጪ ንግድ ይልቅ ገቢው ስለሚበዛ ብዙ መኪኖች ባዶ ይመለሳሉ፤ የመልስ ጭነት ማግኘት ለአንድ ቶን የሚወጣውን ነዳጅ በእጅጉ ይቀንሳል።

የተገኘ ውጤት

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ በተካሄደው «ራን ኦን ሌስ» ሰባት መኪኖች የዘወትር ጭነታቸውን እየጫኑ በአማካይ በጋሎን 10.1 ማይል ሄደዋል፤ ይህም በ100 ኪሎ ሜትር 23 ሊትር ያህል ነው። ውጤቱ የተገኘው በገበያ ላይ የነበሩ መሣሪያዎችንና ጥንቃቄ የተሞላበት አነዳድን በማጣመር ነው።