ሎጋሪዝም

ከሸዋ ሮቢት በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ካራቆሬ አለች። በ1953 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ መጠኑም በሬክተር ስኬል ከ6 በላይ ነበር። 5 እና 6 ሲባል ብዙ ሰው ልዩነቱ አንድ ብቻ ይመስለዋል። ግን 6 ሲሆን በመመዝገቢያው ላይ የሚታየው ንዝረት ዐሥር እጥፍ፣ የሚለቀቀው ጉልበት ደግሞ 32 እጥፍ ያህል ነው። ስኬሉ ሎጋሪዝም ነዋ!

ቃሉን በ1614 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ጆን ናፒየር ነው፤ “ሎጎስ” (ምጣኔ) እና “አሪትሞስ” (ቁጥር) ከሚሉ የግሪክ ቃላት ገጣጠመው። ለእኔ ግን ሎጋሪዝም ጥያቄ ነው፦ ዐሥርን ስንት ጊዜ በራሱ ባባዛው 1000 ይመጣል? ሦስት። ስለዚህ የ1000 ሎግ 3 ነው። ተማሪ የሚያውቀው አርቢ ማለት ነው፣ ስሙን ለውጦ የመጣ።

ጠባዩም ከዚህ ይወጣል። 100 በ1000 ሲባዛ 100,000 ነው፤ ዜሮዎቹን ቁጠሯቸው፣ 2 እና 3 ተደምረው 5 ሆኑ። ማባዛት ወደ መደመር፣ ማካፈልም ወደ መቀነስ ወረደ። የ1 ሎግ ዜሮ የሆነውም ዜሮ ስለሌለው ነው።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሚሰናከለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ የድምርን ሎግ ለሁለት ይከፍለዋል። እስቲ 10 ሲደመር 10ን እንሞክር። በእሱ ስሌት 1 እና 1፣ 2 ይሆናል። የ20 ሎግ ግን 1.3 ገደማ ነው፤ 2 የሚሆነው የ100 ነው። እኔም በጊዜዬ ይህችው ስሕተት ሁለት ማርክ አስቀንሳኛለች።