መምህር በሩቅ ሲያስተምር

ስለ ኢንተርኔት ትምህርት ቤት ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ መሣሪያው ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ስንት ነው? መስመሩ ይፈጥናል ወይ? ተማሪው ስልክ አለው ወይ? መምህሩንስ ማን ይረዳዋል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁንና መምህርና ተማሪ ሳይተያዩ መማማር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ያለፈውን መለስ ብሎ ላየ ሰው፣ የየዘመኑ ውጤት የተወሰነው በዚሁ በተዘነጋው ጥያቄ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዝ በአንድ ፔኒ ደብዳቤ የሚላክበትን ሥርዓት ዘረጋች። አይዛክ ፒትማን የተባለ መምህር በዚሁ ፖስታ አጭር ጽሕፈት ማስተማር ያዘ። ተማሪው ልምምዱን ጽፎ ይልካል፤ ፒትማን አርሞ ይመልሳል። ፖስታው ተሸካሚ ብቻ ነበር፤ ትምህርቱ የነበረው በእርማቱ ላይ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ታሪኩ ወደ አውስትራሊያ በረሃ ይሻገራል። በዚያ የከብት አርቢ ልጆች፣ ትምህርት ቤት እጅግ ስለሚርቃቸው፣ በፖስታ በሚመጣ ጽሑፍ ነበር የሚማሩት። አደሌድ ሚትኬ የተባሉ የትምህርት ባለሙያ፣ ልጆቹ የበራሪ ሐኪሞችን የመገናኛ ራዲዮ ያለ ችግር ሲጠቀሙበት አይተው ለትምህርትም እንዲውል አሳሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሊስ ስፕሪንግስ የአየር ትምህርት ቤት ተከፈተ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ የሚሄደው ከመምህር ወደ ተማሪ ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ የሚጠይቁበትና የሚመልሱበት ጊዜ ተጨመረ። የተማሪውን ድምፅ የማይሰማ መምህር፣ ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው በምን ያውቃል?

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1963 «የአየር ዩኒቨርሲቲ» የሚል ሐሳብ ሲያነሡ ብዙ ሰው የገመተው በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ማስተማር ሲጀምር ግን ስሙ «ክፍት ዩኒቨርሲቲ» ሆኖ ነበር፤ የቴሌቪዥኑ ዝግጅትም ከሥራው አንዱ ክፍል ብቻ ሆነ። ተማሪዎቹ በየአካባቢው ለተቀጠሩ የትርፍ ሰዓት መምህራን ተደለደሉ። መምህሩ የተማሪውን ጽሑፍ አንብቦ ነጥብ ከመስጠት አልፎ፣ የት እንደ ሳተና እንዴት እንደሚያቃናው በዝርዝር ይጽፍለታል። ከዚያም ሌላ ነገር አለ። ከታረሙት ጽሑፎች ጥቂቱ ተመርጦ ልምድ ባለው ባልደረባ ይታያል፤ እርማቱ ጠቃሚ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ምክር ለመምህሩ ይደርሰዋል። በሩቅ ሆኖ የሚያስተምረው ሰው ራሱ በሩቅ የሚማርበት መንገድ ተበጅቶለት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» ተተከለ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየተሠራጨ በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይታይ ጀመር። ጥቅም አልነበረውም አይባልም፤ ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ ተማሪ ሙከራ ሲሠራ ለማየት በቅቷል። ነገር ግን የክፍሉ መምህር ድርሻ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ተወሰነ። ትምህርቱ ፈጠነ፣ አነጋገሩ አልገባንም የሚል ቅሬታ ከየትምህርት ቤቱ ተሰማ። ሥርጭቱን አስቁሞ «ይህችን እንደገና እንያት» ማለት አይቻልም። ተማሪው ግራ ሲጋባ ፊቱን የሚያየው መምህር አጠገቡ ቆሟል፤ ሥልጣኑ ግን ማብራትና ማጥፋት ብቻ ሆነ። ቃልቻ ባለበት ደብተራ አይጠየቅም እንዲሉ፣ መስኮቱ በተናገረበት ክፍል መምህሩን የሚጠይቅ ጠፋ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ጥያቄው እንደገና መጣ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ተሰጠ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ማስታወሻና መልመጃ በቴሌግራም ላኩ። በአንድ ጀምበር የሩቅ አስተማሪ የሆነው መምህር ግን ስንቱን መልስ በስንት ሰዓት ያርማል? የኢንተርኔቱን ሂሳብ ማን ይከፍልለታል? ሲቸግረው ማንን ያማክራል? መልመጃ መላክ ቀላል ነው፤ ተመልሶ የመጣውን አንብቦ መልስ መስጠት ነው ጊዜና ጉልበት የሚፈልገው።

እንግዲህ ከፒትማን ፖስታ እስከ ቴሌግራም ያለው ታሪክ አንድ ነገር ይነግረናል። መሣሪያው በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ የተማሪውን ስሕተት አይቶ የሚመልሰው ሰው ግን ቦታው ያው ነው። ለእሱ የማረሚያ ጊዜ፣ የሚያማክረው ባልደረባና ትምህርቱን የማቆም ሥልጣን የሰጡት ሥራቸው ጸንቷል። ነገ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ በጀቱን የሚያጸድቁት ሰዎች ከዋጋው ዝርዝር ጎን «ለመምህሩስ ምን ተያዘለት?» ብለው ቢጠይቁ፣ ልጆቻችን ከሌላ ፕላዝማ ፊት ዝም ብለው ከመቀመጥ ይድኑ ነበር።